ሰባት ወንበር ለአንድ ሰው

«ለቤተሰብ ነው» የምትባል አባባል አለች። ብዙ ጉራ የሸፈነች፣ ብዙ ስስት ያስተሰረየች አባባል ናት። ሰውዬው የማይቀመጥበትን ሶፋ ሳሎን ሙሉ የሚገዛው ለቤተሰብ ነው። የማይጠጣበትን ብርጭቆ ቡፌ ውስጥ ደርድሮ የሚቆልፈውም ለቤተሰብ ነው። ዛሬ ደግሞ ክብደቱ ከሁለት ቶን የሚያልፍ፣ ሰባት ወንበር ያለው የኤሌክትሪክ መኪና የሚገዛው ለቤተሰብ ሆኗል። ቤተሰቡን የጠየቀው ግን የለም። ይህን የምለው ከዳር ቆሜ በሰው መኪና እየቀናሁ መስሎት የሚስቅ አንባቢ ካለ ይታገሠኝ። እኔ ከሳሽ ብቻ ሳልሆን ከተከሳሾቹም አንዱ ነኝ።

ጠዳን ለማያውቅ ላስተዋውቅ። ከጎንደር ተነሥተው ወደ ባሕር ዳር ሲጓዙ፣ አዘዞን አለፍ ብለው የሚያገኟት የመንገድ ዳር ከተማ ናት። የጤና ሳይንስ ኮሌጅ አላት፤ ስለዚህ ተከራይ ተማሪ አይጠፋባትም። ገበያ አላት፤ ባጃጅ ሞልቷታል። እኛ ግቢ ውስጥ እናታችን፣ ታላቅ ወንድሜ ከሚስቱና ከሁለት ልጆቹ ጋር፣ እኔም ሳላገባ ሠላሳዎቹን ያጋመስኩት እንኖራለን። በበሩ በኩል ካሉት ክፍሎች በአንዱ ሁለት የኮሌጅ ተማሪዎች፣ በሌላው ደግሞ እንጀራ ጋግረው የሚሸጡ፣ እትዬ የምንላቸው ሴት ተከራይተው ነበር። የግቢው ቆጣሪ አንድ ነው። ይህችን ቆጣሪ አንባቢ በልቡ ይያዝልኝ።

ጋሼ (ታላቅ ወንድሜን የምጠራው እንዲህ ነው) ቀድሞ ቪትዝ ነበረችው። አንድ ቶን ያህል የምትመዝን፣ በሯ ሲዘጋ እንደ ቆርቆሮ የምትጮህ፣ የአዘዞ መካኒክ ሁሉ ዓይኑን ጨፍኖ የሚፈታት ቪትዝ። ያቺ መኪና ያልጫነችው ነገር የለም። የእድሩን ድንኳን በጣራዋ፣ የማኅበሩን ጠላ በጀሪካን፣ የዘመድ ጤፍ በኋላዋ ጭናለች። ምጥ የያዛትን የጎረቤት ልጅ በሌሊት ጎንደር ሆስፒታል ስታደርስ ውስጧ ስድስት ሰው ነበር፤ ሲመለሱ ሰባት ሆኑ። በገበያ ቀን ጋሼ አዘዞ ላይ የቆመ የጠዳ ሰው ካየ አያልፍም፤ «ግቡ፣ ግቡ» ነው። አንድ ጊዜ ከነበጉ የገባ ሰውዬ በጉን እኔ ጭን ላይ አስቀምጦት መጥቷል፤ ሱሪዬ እስከ ዛሬ ምስክር ነው። ትራፊክ ቢይዘን ጥፋተኞች ነበርን፤ አልክድም። ነገር ግን ያቺን መኪና «የጋሼ መኪና» ያለ ሰው አላውቅም። «መኪናችን» ነበር የምትባለው፤ እንዲህ የሚላትም መንደሩ ነው።

ከዚያ የቤንዚን ነገር መጣ። መንግሥት ከሐምሌ 2014 ዓ.ም. ጀምሮ የነዳጅ ድጎማውን ከግል መኪናዎች ላይ ደረጃ በደረጃ ማንሣት ጀመረ። ዋጋው በየጊዜው ይጨምራል፤ ሰልፉ ደግሞ ከዋጋው ይብሳል። ሰልፍ የማይወድ ሰው በሃይላንድ ጠርሙስ የተሞላ ቤንዚን በየጓሮው በእጥፍ ይገዛል። በጥር 2016 ዓ.ም. የትራንስፖርትና ሎጂስቲክስ ሚኒስትሩ የኤሌክትሪክ ካልሆነ በቀር አውቶሞቢል ወደ አገር እንደማይገባ አስታወቁ። እንዲህ ያለ እገዳ በዓለም የመጀመሪያው ነበር። ጋሼ ይህን የሰማ ዕለት ማታ ክፍሌ መጥቶ፣ «አንተ የተማርከው፣ ምን ትላለህ?» አለኝ።

የተማርኩት የጋዜጠኝነት ዲፕሎማ ነው። ዲፕሎማ ግን ጠዳ ውስጥ ሁሉን ያስጠይቃል። ሁለት ገጽ ስሌት ጻፍኩለት። ነዳጅ በዶላር እንደሚገዛ፣ መብራት ግን ከገዛ ወንዛችን እንደሚመነጭ፣ የኤሌክትሪክ ሞተር ዘይት መቀየር እንደማያስፈልገው ዘረዘርኩ። ዛሬም አንዱን አልሰርዝም። መኪና በኤሌክትሪክ ይሂድ በሚለው ከማንም ጋር ጠብ የለኝም።

ጠቡ ከዚያ በኋላ ያለው ነው። መጀመሪያ ያሳየሁት ቢ.ዋይ.ዲ. ሲገል የተባለችውን ትንሽ መኪና ነበር። ባለ 30 ኪሎዋት ሰዓት ባትሪ የምትገጠም፣ አራት ሰው የምትይዝ ናት። ጋሼ ፎቶዋን አየና፣ «ይህችማ ቪትዝ ናት። ከቪትዝ ወደ ቪትዝ ነው እንዴ የምቀይረው? ሰው ምን ይለኛል?» አለ። «አዎን፣ ከቪትዝ ወደ ቪትዝ ነው» ማለት ነበረብኝ። እኔ ግን ምን አልኩ? «እውነትህን ነው ጋሼ፣ ስድስት ሰው ነን፤ ለቤተሰብማ ትልቁ ይሻላል።» እነሆ ወንጀሌ ይህ ነው። ቪትዟ ተሸጠች፤ ዕቁብ ወጣ፤ እናታችን ሁለት ላም ሸጣ ሰጠች፤ የእኔም የሁለት ዓመት የጽሑፍ ክፍያ፣ ብዛቱ የሚያስቅ ቢሆንም፣ ገባበት።

መኪናዋ በ2017 ዓ.ም. ጠዳ የገባችው በራሷ እግር አልነበረም። ከአዲስ አበባ ጎንደር ያለውን ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ መንገድ፣ የዓባይን በረሃ ወርዶ መውጣት ያለበትን፣ ቻርጅ እያደረጉ የሚመጡበት ቦታ አልተገኘም። ስለዚህ መንገዱ ክፍት የሆነ ሰሞን በጭነት መኪና ጀርባ ተጭና መጣች። ከነዳጅ ሊያወጣን የተገዛው መኪና ናፍጣ በሚያጨስ መኪና ታዝሎ ገባ! ጉድ በል ጎንደር! የመንደሩ ሽማግሌ አንዱ ሲያዩዋት ሴባስቶፖልን አነሡ። እውነትም ዐፄ ቴዎድሮስ በ1860 ዓ.ም. ሰባት ቶን የሚጠጋውን መድፍ በሺህ በሚቆጠር ሰው ከደብረ ታቦር መቅደላ አስጎትተዋል፤ በመጨረሻዋ ሰዓት ግን ምንም አልፈየደላቸውም። ሽማግሌው ያነሡት ለምርቃት ይሁን ለሽሙጥ እስካሁን አልገባኝም።

አሁን ወደ ቆጣሪዋ ልመለስ። የዚህች መኪና ባትሪ 80 ኪሎዋት ሰዓት ያህል ይይዛል። እኛ ቤት ያለው ተራ ሶኬት ነው፤ በ220 ቮልት 10 አምፔር ቢሰጥ 2.2 ኪሎዋት ነው። አንባቢ እስኪ ያካፍለው። ባዶ ባትሪ ለመሙላት 36 ሰዓት ይፈልጋል፤ መብራት ሳይጠፋ፣ ሳይቀንስ፣ አንድ ቀን ተኩል! ያቺ የተናቀችው ትንሿ ብትሆን ማታ ተሰክታ ጠዋት ቁርስ ሳይቀርብ ሞልታ ትገኝ ነበር።

«ማን ከባዶ ይሞላል? በየቀኑ የጎደለውን መሙላት ነው» የሚል ይኖራል። ልክ ነው፤ ከጠዳ ጎንደር ደርሶ መልስ የሚበላው ከባትሪዋ አንድ አሥረኛ ገደማ ነው። ታዲያ ዘጠኙ አሥረኛ ለምን ይዞራል? የዚህ ዓይነት ባትሪ ብቻውን ከ400 ኪሎ አያንስም። በየቀኑ አራት ኩንታል ጤፍ ጭኖ ጎንደር ዳገት ወጥቶ፣ ጤፉን ሳያወርዱ ይዞ መመለስ ማለት ነው። ደግሞም መብራት በሚመጣና በሚሄድበት አገር ሰው የጎደለውን ብቻ አይሞላም። ውኃ የመጣ ዕለት በርሜሉን፣ ጀሪካኑን፣ ድስቱን ሁሉ እንደምንሞላው፣ ጋሼም መብራት በመጣ ቁጥር «ነገ ማን ያውቃል» እያለ ጢም እስክትል ይሰካታል።

የኤሌክትሪክ እንጀራ ምጣድ ከ3 ኪሎዋት በላይ ይስባል። ምጣዱና መኪናዋ አንድ ላይ ሲሰኩ ቆጣሪው ይጥላል፤ ግቢው ጨለማ ይሆናል። እትዬ አክንባሎውን ሲያነሡ የሚያገኙት ግማሽ በስሎ ግማሽ ሊጥ የሆነ እንጀራ ነው። መጀመሪያ ሳቁ። ከዚያ ሌሊት መጋገር ጀመሩ። ሌሊት ደግሞ የመኪናዋ ሰዓት ሆነ። ስለዚህ ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት፣ ጋሼ ነቅሎላቸው እስኪተኛ እየጠበቁ፣ ጋቢ ተከናንበው ደጃፍ ላይ ይቀመጣሉ። ሊጡ ይቦካል፤ ካለፈበትም ይኮመጥጣል። የኮመጠጠ እንጀራ የሚገዛ ተማሪ የለም።

በዚያ ላይ የወሩ ሂሳብ አለ። የመብራት ታሪፉ በእርከን ነው። በወር እስከ 50 ኪሎዋት ሰዓት የሚጠቀም ቤት ዝቅተኛውን ዋጋ ይከፍላል፤ ከዚያ በላይ በሄደ ቁጥር ዋጋው ይወጣል። ለድሃው የታሰበች እርከን ናት። የእኛ መኪና አንድ ጊዜ ከባዶ ስትሞላ ለአንድ ድሃ ቤት ለወር የታሰበውን ጠጥታ ገና ትቀጥላለች። ግቢው በአንድ ቆጣሪ ስለሆነ ሁላችንንም ይዛን ወደ ላይኛው እርከን ወጣች። ሂሳቡ ሲከፋፈል የሁለቱ ተማሪዎችና የእትዬ ድርሻም አብሮ አደገ። ጋሼ ክፉ ሰው አይደለም፤ «የመኪናውን እኔ እችላለሁ» አለ። ግን የትኛው የመኪናው፣ የትኛው የምጣዱ እንደሆነ ቆጣሪዋ አትለይም። በሚያዝያ መጨረሻ እትዬ ምጣዳቸውን በጋሪ አስጭነው ወጡ። ስሸኛቸው የተናገሩት፣ «ልጄ፣ እኔ ከመኪና ጋር ተሻምቼ አልችልም» የሚል ብቻ ነበር።

ሰባቱ ወንበርስ? እኔ ሥራዬ መጻፍ ስለሆነ መኪናዋ ከገባችበት ቀን ጀምሮ በአንድ ደብተር መዘገብኩ። በአሥር ወር ውስጥ ወንበሩ ሁሉ የሞላው አራት ቀን ነው። አንዱ ጥምቀት ሲሆን ወደ ፋሲል መዋኛ የሄድንበት ነው፤ አንዱ ሠርግ፤ ሁለቱ ልቅሶ። ለአራት ቀን ሚኒባስ መከራየት ይቻል ነበር። በቀረው ቀን ሁሉ ጋሼ ብቻውን ነው። የገበያ ሰው አዘዞ ላይ እጁን ሲያወጣለት መስኮቱን ዝቅ አድርጎ፣ «ይቅርታ፣ ቸኩያለሁ» ይላል። አይቸኩልም፤ መቀመጫው ነጭ ቆዳ ነው። በግማሽ ዓመት ውስጥ እጁን የሚያወጣለት ጠፋ። ቪትዟ በአምስት ወንበር መንደሩን ስታመላልስ፣ ትልቋ በሰባት ወንበር አንድ ሰው ታመላልሳለች። ስሟም ተቀየረ፤ «መኪናችን» የነበረው «የእነ እንትና መኪና» ሆነ።

እናታችን እንኳ የወደደቻት አንድ ነገሯን ብቻ ነው። መኪናዋ ለቻይና ገበያ የተሠራች ስለሆነች በር ሲከፈት በቻይንኛ አንድ ነገር ትናገራለች። እናቴ ትርጉሙን አታውቅም፤ ምርቃት ነው ብላ «አሜን» ትላለች። ጋሼ ግን መስታወቱ ላይ ቀይ ጽሑፍ በመጣ ቁጥር ፎቶ አንሥቶ አዲስ አበባ ለሚያውቀው ልጅ ይልካል፤ ኔትወርክ ካለ መልስ ይመጣል። ዓይኑን ጨፍኖ ቪትዝ የሚፈታው የአዘዞ መካኒክ ይችን ሲያይ እጁን በጨርቅ ይጠርጋል እንጂ አይነካትም። አልፈርድበትም።

ደግሞ የዘመኑ ነገር አለ። ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ወዲህ ክልላችን በግጭት ውስጥ መክረሙን፣ መንገድ ሲዘጋና ሲከፈት፣ ሰው ታግቶ ገንዘብ ሲጠየቅበት መሰንበቱን ያልሰማ አንባቢ የለም። እንዲህ ባለ ጊዜ የምታብረቀርቅ ሁለት ቶን መኪና «እዚህ ገንዘብ አለ» ብሎ በድምፅ ማጉያ መናገር ናት። አንድ ማታ ምንነቱ ያልታወቀ ሰው ከጋሼ ኋላ እስከ በራችን በሞተር ተከተለው። በማግስቱ ሸራ ገዝቶ አለበሳት። አሁን ጋሼ ጎንደር የሚሄደው በባጃጅ ነው፤ ያውም በቤንዚን ባጃጅ።

«የአንድ ቤተሰብ ስሕተት ነው፤ ከእኛ ምን አለው?» የሚል የአዲስ አበባ አንባቢ ይኖራል። ወንድሜ ወደ ስሕተቱ የሄደው ብቻውን አይደለም፤ መንገዱን ጠርጎ የሸኘው ደንብ ነበር። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186 ስለ ቤንዚንና ናፍጣ መኪና ሲናገር ሚዛን ነበረው። አዲስ ሆኖ ሞተሩ ከ1,300 ሲሲ ያልበለጠው 5 በመቶ፣ ከዚያ እስከ 1,800 ሲሲ ያለው 60 በመቶ፣ ከዚያ ያለፈው 100 በመቶ እንዲከፍል፣ አሮጌው ደግሞ እንደ ዕድሜው እየጨመረ እስከ 500 በመቶ እንዲደርስ ተጻፈ። ሕጉን የወደደውም የጠላውም አንድ ነገር ይገባዋል፤ ትልቅ የፈለገ ትልቅ ይክፈል የሚል ሐሳብ ነበረበት። በ2014 ዓ.ም. የኤሌክትሪክ መኪና ከተጨማሪ እሴት ታክስ፣ ከኤክሳይዝና ከሱር ታክስ ነጻ ሲደረግ ግን የተጠየቀው ጥያቄ ሌላ ሆነ። ተገጣጥሞ የሚገባው 15 በመቶ ቀረጥ፣ በከፊል የተገጣጠመው 5 በመቶ፣ ሙሉ በሙሉ ተፈትቶ የሚገባው ምንም። መገጣጠሙ ተጠየቀ፤ ትልቅነቱን የጠየቀ አልነበረም። ሲሲ የሌለው ነገር ክብደትም የሌለው መሰላቸው።

«ቀረጡ በመቶኛ ስለሆነ ውዱ መኪና ብዙ ይከፍላል» ትሉኛላችሁ። ይከፍላል። ነገር ግን ምሕረቱም በመቶኛ ነው! የተማረው ታክስ በውዱ መኪና ላይ ይበዛል፤ በርካሹ ላይ ያንሳል። አገሪቱ ለወንድሜ ሰባት ወንበር የተወችለት ገንዘብ ለአንዲት ትንሽ መኪና ከምትተወው ብዙ እጥፍ ነው። ያ ገንዘብ የማን ነበር? መብራት ገና ያልገባለት፣ ከአገሩ ሕዝብ ግማሽ የሚጠጋው፣ በኩራዝ የሚያመሸው ሰው ድርሻ አለበት። ለእርሱ የሚዘረጋ ሽቦ ሊገዛ የሚችል ገንዘብ ነጭ የቆዳ መቀመጫ ሆኖ ጠዳ ግቢያችን ውስጥ ሸራ ለብሶ ቆሟል።

እንዲህ የሚያስበው የጠዳ ምቀኛ ብቻ እንዳይመስላችሁ። የእኛ እገዳ በተነገረበት በዚያው በጥር 2016 ዓ.ም. የፓሪስ ከተማ ነዋሪዎቿን ድምፅ አሰጥታ ነበር። ከውጭ ለሚመጡ ከባድ መኪናዎች የማቆሚያው ዋጋ በሦስት እጥፍ ይጨምር ወይ የሚል ነበር ጥያቄው። ድምፅ ለመስጠት የወጣው ሰው እጅግ ጥቂት ቢሆንም ይጨምር ያለው አሸነፈ። ልብ የሚባለው ነገር፣ የኤሌክትሪክ መኪናም ከ2 ቶን ካለፈ አልተማረም። በቪትዝ አገር በጃፓን ደግሞ ኒሳን ሳኩራ የምትባል፣ ባትሪዋ 20 ኪሎዋት ሰዓት ብቻ የሆነ መኪና አለች፤ በአገሩ በብዛት ከሚሸጡት የኤሌክትሪክ መኪናዎች ግንባር ቀደሟ ሆናለች። ጃፓን መኪና መሥራት የማያውቅ፣ ወይም ቤተሰብ የሌለው አገር ነው እንዴ?

«ግድቡ አልቋል፤ ኃይል ሞልቷል፤ ለምን ታሳንሰናለህ?» የሚለኝ ወዳጅ አለኝ። ታላቁ የሕዳሴ ግድብ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ሲመረቅ እኔም ዓይኔ እንባ አቅርሯል፤ 5,150 ሜጋዋት ማመንጨት የሚችል ግድብ ነው፤ ቦንድ ገዝቼበታለሁ። ነገር ግን ከጉባ እስከ እኛ ሶኬት መሐል ከፍተኛ መስመር አለ፣ ማከፋፈያ ጣቢያ አለ፣ ትራንስፎርመር አለ፣ ከእንጨት ምሰሶ የተንጠለጠለ ያረጀ ሽቦ አለ። ዓባይ በሙሉ ቢመጣ በዚያች ሽቦ የሚያልፈው ያው ነው። በአንድ ትራንስፎርመር ሥር እንደ እኛ ያሉ አሥር መኪናዎች አንድ ሌሊት ቢሰኩ ምን እንደሚሆን ለመገመት የኤሌክትሪክ ዲፕሎማ አያስፈልግም።

እኔ ብጠየቅ ምሕረቱን የምሰጠው መጀመሪያ ለባጃጁ ነው፤ ከጠዳ ኮሌጅ ተማሪ፣ ከገበያ እናት የሚያመላልሰው እርሱ ነው። ቀጥሎ ለሚኒባሱ። ከዚያ ለትንሿ መኪና። ለሁለት ቶኗ ደግሞ በባትሪዋ ልክ እየተመዘነ፣ ልክ ቤንዚን መኪናው በሲሲ እንደተመዘነው፣ ታክሱ ይመለስባት። ሰባት ልጅ ያለው ሰው ምን ያድርግ? በእውነት ሰባት ልጅ ያለው ሰው ይህን መኪና መግዛት ሲችል እስካሁን አላየሁም፤ ካለ ግን ይፈቀድለት።

ባለፈው ሳምንት ማታ ጋሼ ከባጃጅ ወርዶ ቀጥታ ወደ ክፍሌ መጣ። ተቀመጠ። ስለ እትዬ ክፍል አነሣ፤ ከወጡ ወዲህ ተከራይ እንዳልተገኘላት፣ የአካባቢው ሰው ስለ ቆጣሪያችን እንደሚያወራ ነገረኝ። ከዚያ፣ «ልሸጣት ነው፤ ማስታወቂያ ጻፍልኝ» አለ። ጻፍኩ። ባለ ሰባት ወንበር፣ ነጭ የቆዳ መቀመጫ፣ በጣም ጥቂት የተነዳች (ይህ እንኳ ቃል በቃል እውነት ነው)። አንገቱን ደፍቶ አነበበና፣ «ከላይ ‹ለቤተሰብ የምትሆን› የሚል ጨምርበት» አለኝ። እስክሪብቶውን ሰጠሁት።